በፈረንሣይ አገር የዳንቴል ጌጥ በሴቶች የውስጥ ልብስ ላይ በስፌት መኪና ስለ መግጠም

በሐበሻ ቀሚስና ነጠላ ላይ የሚታየው የሸማኔ ጥለት ከጨርቁ ጋራ አንድ አካል ነው። ሸማኔው ከጨርቁ ጫፍ ሲደርስ ባለቀለሙን ማግ በዚያው ድር ውስጥ ያስገባዋል፤ ስለዚህ ጌጡ ከየት ተነሥቶ ልብሱ በየት እንደሚያልቅ የሚለይ የመርፌ መንገድ የለም። በአውሮፓ፥ በተለይም በፈረንሣይ አገር፥ የሴቶች የውስጥ ልብስ አሠራር ግን ከዚህ የተለየ ነው። ጨርቁ በአንድ ሥፍራ ይሸመናል፤ ጌጡ በሌላ ሥፍራና በሌላ እጅ፥ አንዳንድ ጊዜም ብዙ ዓመት አስቀድሞ ይሠራል። ሁለቱን የምታገናኛቸው አንዲት ቀጭን ስፌት ብቻ ናት። ይህች ስፌት ለረዥም ዘመን የእጅ ሥራ ሆና ከኖረች በኋላ ከ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ በመኪና እየተሠራች ሄደች። ለውጡ ሲታይ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የጌጡን ዋጋና የሰፊዋን ደመወዝ፥ «የእጅ ሥራ» የሚባለውንም ቃል ትርጓሜ ሳይቀር የለወጠ ነው።

አስቀድሞ ስለ ቃሎቹ ጥቂት ማስታወስ ይገባል። የሴቶች የውስጥ ልብስ በፈረንሣይኛ ላንዥሪ ይባላል። ቃሉ የወጣው ላንዥ ከሚለው ሲሆን፥ ይኸውም ላን ከሚለው የተልባ ስም የመጣ ነው። ይህም የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «የተልባ እግር» የሚለው ጨርቅ ነው። ስለ ሆነም ቃሉ በጥንት አነጋገር ሰውነትን የሚነካውን ልብስ ብቻ ሳይሆን አንሶላውን፥ የገበታውን ጨርቅና ፎጣውን፥ ባጭሩ የቤቱን ነጭ ጨርቅ ሁሉ ይነካ ነበር። ዳንቴል የሚለው ደግሞ ጥርስ ከሚለው ቃል የወጣ ሆኖ «ትንሽ ጥርስ» ማለት ነው፤ ስሙ የተሰጠው ጫፉ እንደ ጥርስ ስለ ተከፋፈለ ነው። በአዲስ አበባ ዳንቴል ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው በኪሮሽ የሚሠራው የጠረጴዛና የወንበር ልብስ ነው፤ እዚህ የሚነገርለት ግን እጅግ ከቀጠነ ክር የሚሠራው፥ ከጨርቅ ይልቅ ለመረብ የሚቀርበው ዘርፍ ነው። ሸሚዝ የሚለው የፈረንሣይኛ ቃልና ከዐረብኛ የመጣው ቀሚስ የሚለው ቃል ሁለቱም ካሚዚያ ከሚለው የኋለኛው ዘመን የላቲን ቃል ጋራ እንደሚገናኙ ብዙ ሊቃውንት ይናገራሉ፤ በአማርኛ ግን አንዱ ለወንድ አንዱ ለሴት ተከፍሎ ቀርቷል። ሙታንታና ካናቲራም ከኢጣልያንኛ የተወሰዱ ናቸው። የውስጥ ልብስ ስሞች እንዲህ ከውጭ አገር ቋንቋ መምጣታቸው ልብሱ ራሱ እንግዳ ሆኖ መግባቱን የሚያመለክት ነው።

በፈረንሣይ ገጠር እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ ለጋብቻ የምትዘጋጅ ልጅ ትሩሶ የሚባል የነጭ ጨርቅ ሀብት ታከማች ነበር። ይህ ከወንዱ ወገን ከሚሰጠው ከእኛ አገር ጥሎሽ ጋራ የሚምታታ አይደለም፤ ልጅቱ ራስዋ ሰፍታና ምልክት አድርጋበት ወደ ባልዋ ቤት ይዛው የምትገባው ነው። ሸሚዙም አንሶላውም በደርዘን ይቈጠር ነበር። ኢቮን ቬርዲዬ የተባሉት የሕዝብ ባህል ተመራማሪ በቡርጎኝ ክፍል ሚኖ በምትባል መንደር ያጠኑትን በ1979 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ሲያወጡ እንደ ገለጹት፥ ልጃገረዶች በዐሥራ ሁለት ዓመታቸው ገደማ የስማቸውን መጀመሪያ ፊደሎች በቀይ ክር በጨርቅ ላይ መጥለፍ ይማሩ ነበር፤ በዐሥራ አምስት ዓመታቸውም አንድ ክረምት ከመንደሩ ልብስ ሰፊ ሴት ዘንድ ተቀምጠው ይውሉ ነበር። እዚያ የሚማሩት መርፌ መያዝን ብቻ አልነበረም፤ አለባበስን፥ አነጋገርንና የጕብዝና ጠባይን ጭምር ነበር። ከዚህ የተነሣ የውስጥ ልብስ ስፌት በዚያ አገር ከሙያ በፊት የሴት ልጅ የዕድሜ ሥርዐት ሆኖ ይታያል።

ትሩሶው በደርዘን እንዲሆን ያስገደደው አጠባቡ ነው። ትልቁ አጠባ በብዙ መንደር በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ፥ በጸደይና በመጸው፥ በእንጨት አመድ ውኃ ይደረግ ነበር። ጨርቁ ይዘፈዘፋል፥ የፈላ የአመድ ውኃ ይፈስበታል፥ ከዚያም በወንዝ ዳር በእንጨት ይደበደባል። ጽኑ የተልባ ጨርቅ ይህን ሁሉ ለብዙ ዓመት ይችላል፤ ዳንቴል ግን አይችልም። ስለዚህ ጌጡና ልብሱ እኩል ዕድሜ የሌላቸው ሁለት ነገሮች ሆነው ሲኖሩ፥ የሚያገናኛቸው ስፌት የሚጠብቅ ብቻ ሳይሆን ሲያስፈልግ የሚፈታም መሆን ነበረበት።

ጌጡ ምን ያህል ውድ እንደ ነበረ ለመረዳት የአላንሶንን ዳንቴል መመልከት ይበቃል። በዚህች የኖርማንዲ ከተማ ሥራውን በ1665 የንጉሥ ሉዊ ዐሥራ አራተኛ ሚኒስትር የነበሩት ኮልቤር በመንግሥት ሥር እንዲቋቋም አድርገውት ነበር። የአላንሶን ዳንቴል የሚሠራው በመርፌ ብቻ ሲሆን አንድ ካሬ ሳንቲሜትር ሰባት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ሙያውን ፈጽሞ ለማወቅም ከሰባት እስከ ዐሥር ዓመት ያስፈልጋል። ዩኔስኮ በ2010 ከማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መካከል መዝግቦታል። እንዲህ ያለው ዘርፍ ለአንድ ሸሚዝ ተብሎ የሚሠራ አይደለም። ሸሚዙ ሲያረጅ ዘርፉ ተፈትቶ ታጥቦ ወደ ሌላው ይዛወራል፤ በኑዛዜና በንብረት ዝርዝር ውስጥም ከልብሱ ተለይቶ ለብቻው ይጻፍ ነበር። እናት ለልጅዋ የምታወርሰው ሸሚዙን ሳይሆን ዘርፉን ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ይህ እንዲሆን ያስቻለው የእጁ አሰፋፍ ነው። ሰፊዋ የጨርቁን ጥሬ ጠርዝ በአውራ ጣትዋና በሌባ ጣትዋ መካከል አድርጋ ወደ ውስጥ ታንከባልለዋለች፤ ጠርዙ እንደ ቀጭን ገመድ ይጠቀለላል። ከዚያ የዳንቴሉን ቀጥ ያለ ጠርዝ ከጥቅሉ ጋራ አግጥማ በጥቃቅን ስፌት ትቀመቅመዋለች። ክሩ በጥቅሉ ዙሪያ እየዞረ ስለሚሄድ ጨርቁን ብዙ አያቈስለውም፤ አንድ ቀን ዳንቴሉን ለማውጣት ሲፈለግ ክሩን በመቀስ ጫፍ እየቈረጡ መሳብ ይበቃል። ከዚህ ልብስ ሰፊዎች የሚመኩበት ነገር ቢኖር ስፌቱ ከፊትም ከኋላም ሲታይ አንድ መምሰሉ ነው።

የመጀመሪያው ለውጥ የመጣው በስፌቱ ሳይሆን በጌጡ ላይ ነው። እንግሊዛዊው ጆን ሂትኮት በ1808 እና በ1809 ባወጣው የባለቤትነት መብት የመረብ ጨርቅ የሚሠራ መኪና ፈጠረ። በ1816 በላፍበራ ከተማ የነበረውን ፋብሪካውን መኪና የሚጠሉ ሠራተኞች በሌሊት ገብተው ሰባበሩት፤ እርሱም ሥራውን ወደ ቲቨርተን አዛወረ። ጆን ሌቨርስ በ1813 በኖቲንግሃም የሠራው ሌላው መኪና ኋላ ከዣካር የካርድ መሣሪያ ጋራ ሲቀናጅ አበባውንም መረቡንም በአንድ ጊዜ ለማውጣት ቻለ። ብልሃቱን ወደ ውጭ አገር ማውጣት በሕግ የተከለከለ ቢሆንም እንግሊዛውያን ሠራተኞች መኪናውን በስውር ባሕር አሻግረው ካሌ አጠገብ ባለችው በሴን ፒየር ተከሉት። ከዚያ ወዲህ ካሌና ኮድሪ የፈረንሣይ የመኪና ዳንቴል አገሮች ሆኑ።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። ከመኪናው የሚወርደው ዳንቴል ለስፌት የተዘጋጀ አልነበረም። ብዙ ቀጫጭን ዘርፎች ጎን ለጎን ተያይዘው እንደ አንድ ሰፊ ጨርቅ ሆነው ይወጣሉ፤ የሚያያይዛቸውም አንድ መሳቢያ ክር ነው። ያንን ክር ስቦ ዘርፎቹን የሚለያየው፥ ከአበባ ወደ አበባ የተንጠለጠለውን ክር የሚከረክመው፥ የጫፉንም ጥርስ ተከትሎ የሚቈርጠው የሴቶችና የሕፃናት እጅ ነበር፤ ሥራውም በየቤቱ በዝቅተኛ ዋጋ ይሠራ ነበር። የእንግሊዝ ፓርላማ በ1909 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስኑ ቦርዶች እንዲቋቋሙ ሲደነግግ በመጀመሪያ ከመረጣቸው አራት ሙያዎች አንዱ ይህ የመኪና ዳንቴል ማሰናዳት ነበር። ስለዚህ «የመኪና ዳንቴል» የሚለው ስም ግማሹን እውነት ብቻ ይናገራል።

የስፌት መኪና ታሪክ በብዙ መጻሕፍት ስለሚገኝ እዚህ በአጭሩ ማለፍ ይሻላል። ፈረንሣዊው ልብስ ሰፊ ባርቴሌሚ ቲሞኒዬ በ1830 የባለቤትነት መብት ያወጣበት መኪና በአንድ ክር የሰንሰለት ስፌት ይሰፋ ነበር፤ በፓሪስ ለወታደር ልብስ የተቋቋመውን የሥራ ቤት ግን በ1831 ልብስ ሰፊዎች ገብተው አጠፉት። ከዚያም በአሜሪካ ኤልያስ ሃው በ1846፥ አይዛክ ሲንገር በ1851 በሁለት ክር የሚሰፋ መኪና አወጡ። የሲንገር ኩባንያ ከ1856 ጀምሮ መኪናውን በየወሩ በሚከፈል ዕዳ ስለ ሸጠ መኪናው ወደ ድኾች ቤት ለመግባት ቻለ፤ ስሙም በብዙ አገር፥ በኢትዮጵያም ሲንጀር ተብሎ፥ የዕቃው መጠሪያ እስከ መሆን ደረሰ። በሁለት ክር የሚሰፋው ስፌት የላይኛው ክርና ከቦቢኑ የሚወጣው የታችኛው ክር በጨርቁ ውፍረት መካከል የሚቈላለፉበት ነው። ጥንካሬው ከዚህ ይመጣል፤ ለመፍታት አስቸጋሪ መሆኑም እንዲሁ።

ዊለርና ዊልሰን የተባለው የመኪና ፋብሪካ በ1861 ባወጣው ማነጻጸሪያ አንድ የሴት ሸሚዝ በእጅ ሲሰፋ 10 ሰዓት ከ31 ደቂቃ፥ በመኪና ግን 1 ሰዓት ከ1 ደቂቃ እንደሚፈጅ አስታወቀ። ቁጥሩ ሻጭ ያወጣው ስለ ሆነ በጥንቃቄ መታየት ይገባዋል። ደግሞም ልሙጡን ስፌት የሚመለከት እንጂ ጌጡን የሚመለከት አይደለም። መኪና በረዥሙ የጎን ስፌት ላይ ከእጅ ዐሥር እጥፍ ቢፈጥንም፥ በአንገት ዙሪያ ዳንቴል በሚገጠምበት ጊዜ ፍጥነቱ ብዙ አይጠቅምም፤ ጊዜውን የሚወስደው ከመርፌው አስቀድሞ የሚደረገው መለካት፥ መሸብሸብና መወስወስ ነውና። ልብሱ በመኪና በረከሰ መጠን ጌጡ በረከተ፤ ጌጡ በበረከተ መጠንም ሰፊዋ በእያንዳንዱ ሸሚዝ ላይ የምታጠፋው ጊዜ እንደ ገና ተመልሶ ረዘመ። በ1900 ገደማ የነበረው የውስጥ ልብስ ከቀድሞው ይልቅ እጅግ ያጌጠ መሆኑ ከዚህ የተነሣ ነው።

የመኪናውን አገጣጠም ለመረዳት የዘርፎቹን ዐይነት ማወቅ ያስፈልጋል። አንዱ ጠርዙ ቀጥ ያለ ሌላው ጥርሳም የሆነው ዘርፍ ለጫፍ ይሆናል፤ ቀጥ ያለው ጠርዝ «እግር» ይባላል። ሁለቱም ጠርዙ ቀጥ ያለው «አንትር ደ» ይባላል፥ ትርጓሜው «በሁለት መካከል» ሲሆን በሁለት ጨርቅ መካከል የሚገባ ነው። በመካከሉ ተርታ ቀዳዳ ያለው ደግሞ ጥብጣብ የሚሰካበት ነው።

አንትር ደን በቀጥተኛ ስፌት ለመግጠም የሚደረገው እንዲህ ነው። ዳንቴሉ ባልተቈረጠው ጨርቅ ፊት ላይ ተዘርግቶ ይወሰወሳል፤ ሁለቱም ጠርዝ ለጠርዙ በተጠጋ ስፌት በመኪና ይሰፋል። ከዚያ ጨርቁ ይገለበጥና ከዳንቴሉ ሥር ያለው ክፍል በመካከሉ እስከ ጫፍ ድረስ ይቀደዳል። መቀሱ ዳንቴሉን እንዳይነካ እዚህ ላይ ትልቅ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የተቀደደው ጨርቅ ግራና ቀኝ ወደ ኋላ ታጥፎ በካውያ ይተኰሳል፥ በመጀመሪያው ስፌት አጠገብም በሁለተኛ ስፌት ይያዛል፤ የተረፈው ጥሬ ጠርዝ ከስፌቱ ሥር ይቈረጣል። ሲጨረስ ጨርቅ የነበረበት ሥፍራ መስኮት ሆኖ ዳንቴሉ በመስኮቱ ውስጥ እንደ ተንጠለጠለ ይታያል። ሥራው ከእጁ ይልቅ ጽኑ ነው። ነገር ግን ዳንቴሉ ከዚያ ወዲህ ሊወጣ አይችልም፤ ቢወጣ በስተኋላው ጨርቅ የለምና ሸሚዙ ለሁለት ይከፈላል።

ከእጁ ጥቅል የሚመሳሰለው ሌላው መንገድ መርፌው ግራና ቀኝ የሚወዛወዝበት የዚግዛግ ስፌት ነው። ለዚህ ስፌት የሚሆን መኪና በአሜሪካ ሄለን ብላንቻርድ በ1873 የባለቤትነት መብት ያወጣችበት ሲሆን ለብዙ ጊዜ በፋብሪካ ብቻ ተወስኖ ኖረ፤ በየቤቱ የተስፋፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1950ዎቹ ዓመታት ነው። ጨርቁና ዳንቴሉ ፊት ለፊት ይገናኛሉ፤ የዳንቴሉ እግር ከጨርቁ ጥሬ ጠርዝ 3 ሚሊሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገባ ይላል። መርፌው በግራ ሲወርድ የዳንቴሉን እግር ይይዛል፤ በቀኝ ሲወርድ ግን ከጨርቁ ውጭ በባዶ ሥፍራ ይወርዳል። ክሩ ሲጠብቅ ያ ትርፍ ጠርዝ ራሱን ጠቅልሎ በዳንቴሉ ላይ ይተኛል። ያቺ የቡርጎኝ ልጅ በጣቶችዋ የምታደርገውን መኪናው በክሩ ውጥረት ብቻ ያደርገዋል ማለት ነው። ጨርቁ ስስ ካልሆነ ግን አይጠቀለልም፥ ጠርዙ እየተጨራመተ ይቀራል።

በሦስተኛው መንገድ ዳንቴሉ እንደ ዘርፍ ሳይሆን እንደ ተለጣፊ አበባ ይቈጠራል። የአበባው ቅርጽ ተከትሎ በጠባብና በተቀራረበ ዚግዛግ ይሰፋል፤ ከዚያም ከሥሩ ያለው ጨርቅ በትንሽ መቀስ ይወጣል። በሐር የሌሊት ልብስ ደረት ላይ ጎልቶ የሚታየው ይህ ነው። ብዙ የፓሪስ ቤቶች ይወዱት ነበር።

ለሦስቱም የጋራ የሆነ አንድ ችግር አለ። በመኪናው ሥር ያሉት ጥርሶች የሚጐትቱት የታችኛውን ጨርቅ ነው፤ ከላይ ያለውን የሚጫነው እግር ግን ወደ ኋላ ይይዘዋል። ስለዚህ ሁለቱ እኩል ተለክተው ቢጀመሩም በመጨረሻው ላይ ከላይ ያለው ዳንቴል ተርፎ ይገኛል። ልምድ የሌላት ሰፊ የተረፈውን ትቈርጣለች፤ ስፌቱ ከዚያ በኋላ ሲታጠብ ይሸበሸባል። የለመደችው በስፒል በየጣቱ ርቀት ትይዘዋለች ወይም በእጅ ትወሰውሰዋለች። መረቡ እጅግ ስስ ሲሆን ደግሞ መርፌው ጨርቁን ይዞ ወደ ቀዳዳው ያስገባዋል፤ ለዚህ መድኀኒቱ ከሥር ስስ ወረቀት አድርጎ አብሮ መስፋትና ወረቀቱን ኋላ ቀዶ ማውጣት ነው። መርፌውም ቀጭን፥ 60 ወይም 70 ቁጥር መሆን አለበት። የጥጥ ዳንቴል በአጠባ ስለሚያጥር አስቀድሞ ታጥቦ መድረቅ ይገባዋል፤ ይህ ካልተደረገ ሸሚዙ ከመጀመሪያው አጠባ በኋላ በአንገቱ ላይ ይኰማተራል።

ክብ በሆነ ሥፍራ፥ እንደ አንገትና እንደ እጅጌ ባለው፥ የዳንቴሉ ጥርሳም ወገን ከእግሩ ይልቅ ረዥም መንገድ መሄድ አለበት። ይህን የሚያደርገው በእግሩ ውስጥ ተሸምኖ የሚገኝ አንድ ወፍራም ክር ነው። የክሩ ጫፍ በመርፌ ወጥቶ ሲሳብ ዳንቴሉ በእግሩ በኩል ይሸበሸባል፥ ክቡንም ይከተላል። ክሩ ከዳንቴሉ ፋብሪካ ለዚሁ ተብሎ የገባ ነው። ካሌ ያለው ባለመኪና በሩቅ አገር ያለችውን ሰፊ እጅ እያሰበ ይሠራ እንደ ነበር ይህ ክር ምስክር ነው።

አሁን ወደ ዋጋው መመለስ ይገባል። የእጅ ዳንቴል በነበረበት ዘመን ጌጡ ውድ ነበረ፥ ስፌቱ ግን ጥቂት ሰዓት የሚወስድ ትንሽ ነገር ነበረ። የመኪና ዳንቴል በሜትር መሸጥ በጀመረ ጊዜ ጌጡ ረከሰ፤ በልብሱ ውስጥ ያለው ዋና ድካም መግጠሙ ሆነ። ሰፊዋ በዚህ ተጠቀመች ብሎ የሚያስብ ሰው ይኖር ይሆናል፤ የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። መኪናውን በዕዳ የገዛች ሴት ሁሉ በቤትዋ ሆና ይህንኑ ሥራ ለመሥራት ቻለች፤ በገዳማት ሥር የነበሩት የወላጅ አልባ ልጆች የሥራ ቤቶችም ጥሩ የውስጥ ልብስ እየሰፉ ለትልልቅ መደብሮች ያቀርቡ ነበር። ክፍያው በደርዘን ስለ ሆነ፥ ክርና መርፌውም ብዙ ጊዜ ከሰፊዋ ኪስ ስለሚወጣ፥ መደብሩ የሚፈልገውን ዋጋ የምትቀበል ሌላ ሴት ዘወትር አይታጣም ነበር። የፈረንሣይ መንግሥት የሥራ ቢሮ ከ1905 ጀምሮ በላንዥሪ ሥራ ስላሉ የቤት ውስጥ ሠራተኞች ምርመራ አድርጎ ውጤቱን እስከ 1911 ድረስ በተከታታይ ጥራዝ አወጣ። ከዚህም በኋላ በሐምሌ 10 ቀን 1915 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ በልብስ ሥራ ላይ ላሉ፥ ላንዥሪ፥ ጥልፍና ዳንቴል በስም ተጠቅሰው፥ በቤታቸው ለሚሠሩ ሴቶች ዝቅተኛ ደመወዝ እንዲወሰንና ዋጋውም በግልጽ እንዲለጠፍ ታዘዘ። በፈረንሣይ ሕግ የዝቅተኛ ደመወዝ አሳብ ከገባባቸው ከመጀመሪያዎቹ በሮች አንዱ የሸሚዝ ዘርፍ ሆኖ መገኘቱ ለሕግ ታሪክ ጸሐፊዎችም የሚያስደንቅ ሊሆን ይገባዋል።

ሕጉ ሳይወጣ ሌላ መኪና መጥቶ ነበር። ስዊሳዊው ካርል ፍሪድሪክ ጌጋውፍ በ1893 በሽቴክቦርን ከተማ የፈጠረው መኪና የጨርቁን ክሮች በመርፌ እየከፈተ ሁለት ወገን አሥሮ ተርታ ቀዳዳ ይሠራ ነበር። ይህ ሥራ በእጅ ሲሆን ክር እየመዘዙ እጅግ በዝግታ የሚሠራ ነበር። በዚህ መኪና ዳንቴልን ከጨርቅ ጋራ ሲያገጣጥሙ መገጣጠሚያው ራሱ ጌጥ ሆነ። ከዚህም በላይ የቀዳዳው ተርታ በመካከል በመቀስ ሲቈረጥ ሁለቱም ጠርዞች ጥቃቅን ጥርስ አውጥተው ይቀራሉ፤ ምንም ዳንቴል ሳይገዛ የዳንቴል መልክ ያለው ጫፍ ይገኛል። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ልብስ ሲያጥርና ሲቀል ብዙ ልብስ ሰፊዎች በዚህ ጫፍ ብቻ ይበቃናል አሉ፤ የካሌ ዳንቴል ገበያም ተቀዛቀዘ።

ሁለተኛው ትልቅ ለውጥ የመጣው ከጨርቁ በኩል ነው። ናይለን በ1938 ታወጀ፤ ላይክራ የሚባለው ተለጣጭ ክር በዱፖን ኩባንያ በጆሴፍ ሺቨርስ በ1958 ተገኘ። የሚለጠጥ ጨርቅ በቀጥተኛ ስፌት ሲሰፋ ጨርቁ ሲሳብ ክሩ ይበጠሳል፤ ዚግዛግ ግን እንደ ጨርቁ ይዘረጋል። ከዚህ የተነሣ ቀድሞ ከመንገዶቹ አንዱ የነበረው ዚግዛግ በቤት ስፌት ዋናው መንገድ ሆነ። በጡት መያዣና በሙታንታ ጠርዝ ላይ የሚገባው ጥርሳም ላስቲክ በመጀመሪያ በጨርቁ ፊት ላይ ጥርሱ ወደ ውስጥ ዞሮ በጠባብ ዚግዛግ ይሰፋል፤ ከዚያ ወደ ኋላ ይገለበጥና በሰፊ ዚግዛግ ዳግመኛ ይያዛል። ጥርሱ ብቻ ከጠርዙ ወጥቶ ይታያል። ላስቲኩ እየተሰፋ በእጅ በመጠኑ መሳብ አለበት፤ ምን ያህል እንደሚሳብ በልምድ እጅ የሚያውቀው ነው። መርፌውም ጫፉ ሾጣጣ ሳይሆን ደብዛዛ ይሆናል፤ ክሮቹን ሳይበሳ በመካከላቸው እንዲያልፍ ነው።

ዛሬ በፈረንሣይና በሌሎች አገሮች የራሳቸውን የውስጥ ልብስ ቤታቸው የሚሰፉ ሴቶች ሥራቸውን «የእጅ ሥራ» ይሉታል፤ በሥራው ሁሉ ውስጥ ግን ከመኪና ያልወጣ ስፌት ላይገኝ ይችላል። በ1900 የነበረች የፓሪስ ደንበኛ ይህን ብትሰማ እንደ ማታለል በቈጠረችው ነበር፤ ለእርስዋ የእጅ ሥራ ማለት መኪና ያልነካው ነበርና። ለዛሬዋ ሰፊ ግን ቃሉ የሚያመለክተው ልብሱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ሰው የተሠራ መሆኑን ነው። ድንበሩ ከእጅና ከመኪና መካከል ተነሥቶ በአንዲት ሴት ሥራና በብዙዎች በተከፋፈለ ሥራ መካከል ተተክሏል። ፋብሪካ የሰፋው ሸሚዝም እኮ ብዙ ጊዜ ያለ ሰው እጅ አይሰፋም፤ ዳንቴሉን ከመርፌው ሥር የሚመራው አብዛኛውን ጊዜ የሰው እጅ ነውና።

የዚህ ዐይነት ልብስ ለሙዚየም የሚሰበስቡ ሰዎች ዘመኑን ለማወቅ በመጀመሪያ የሚያዩት አበባውን ሳይሆን የኋላውን ስፌት ነው። ጠርዙ ተንከባሎ ክሩ በላዩ ላይ ከዞረ፥ ዳንቴሉም በሌላ ቀለም ክር የተፈታና እንደ ገና የተሰፋ ምልክት ካለው፥ ዘርፉ ከሸሚዙ በዕድሜ ሊበልጥ ይችላልና ሁለቱ ለየብቻቸው መመዝገብ አለባቸው። በሁለት ክር የተቈለፈ ቀጥተኛ ስፌት ካለና ከኋላው ጨርቁ ከተቀደደ ልብሱ ከ1850ዎቹ በፊት ሊሆን አይችልም፤ ዘርፉና ሸሚዙም በአንድ ቀን የተገጠሙ ናቸው። ተቈርጦ ጥርስ ያወጣ ጠርዝ ከ1893 ወዲህ ያለ ነው። በቤት የተሠራ ልብስ ላይ ዚግዛግ ከተገኘ ግን ብዙ ጊዜ ከጦርነቱ ወዲህ ያለ ነው፤ አለዚያም የአያትዋን ዳንቴል በዐዲስ መኪና የገጠመች ልጅ ሥራ ነው።